የተገለበጠችው ጎጆ

እኔ ዱባይ፣ ዴራ ገበያ መሄድ ከተውኩ ቆይቻለሁ። አንዱ ምክንያት ጉልበቴ ነው፤ ሁለተኛው ከአጅማን ተነስቶ ሻርጃን አቋርጦ ዱባይ እስኪገባ ያለው የመኪና ሰልፍ ነው። በዚያ አውቶቡስ መስኮት ሥር ያለቀው ዕድሜዬ ቢመለስልኝ ዛሬም ኮረዳ ነበርኩ። ባለፈው ወር ግን ቤዛ ለመነችኝ። ቤዛ አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ፣ አልጋ አልጋ ተከራይተን በምንኖርበት ቢድ ስፔስ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ ልጅ ናት። ለወንድሟ ሠርግ ዕቃ በካርጎ መላክ ፈልጋ "እትዬ የሺ፣ አረብኛው ላንቺ ይቀናል፤ እኔን ያታልሉኛል" አለችኝ። መወደስ አልጠላም፤ ተነስቼ ሄድኩላት።

ካርጎ ቤቱ ከጨርቅ ጅምላ ሱቆቹ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። የኛ አገር ነጋዴ ሴቶች የገዙትን ሁሉ እዚያ አምጥተው በጆንያ ያስጠቀልላሉ። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ በየጆንያው ላይ ባለቤቷ የራሷን ምልክት ታደርጋለች። አንዷ ስሟን በትልቁ ትጽፋለች፣ አንዷ መስቀል ትሥላለች፣ አንዷ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። ቤዛ ዕቃዋን ስታስመዝን እኔ ቆሜ ምልክት አነብ ነበር። ጥግ ላይ የተደረደሩ ስድስት ጆንያዎች ጋ ስደርስ ዓይኔ እዚያው ቀረ። በሁሉም ላይ ክብሪት ቤት የምታህል ጎጆ በሰማያዊ ቀለም ታትማለች። ጣሪያዋ ላይ ሦስት ጭረት አለ፤ በሯ መሐል ላይ መሆን ሲገባው ወደ ግራ ሸሽቷል። ጎጆዋ ደግሞ ተገልብጣለች፤ ጣሪያዋ ወደ ታች፣ በሯ ወደ ላይ።

ጆንያ የሚሸከመው ሰውዬ አንዱን አንስቶ ጎጆዋ ቀጥ እንድትል አዙሮ ሊያስቀምጠው ሲል፣ ሚዛኑ ጋ የተቀመጠው ባለሱቅ በአረብኛ ጮኸበት። "ላ፣ ላ! እንደነበረች ተዋት! ሴትዮዋ ተገልብጣ ነው የምትፈልጋት፤ ባለፈው ቀጥ ብላ አግኝታት ልትበላኝ ነበር።"

የሰው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። "እትዬ የሺ፣ ምን ሆንሽ?" አለች ቤዛ። "ምንም አልሆንኩ። የዚህ ጆንያ ባለቤት መቼ እንደምትመጣ ጠይቂልኝ" አልኳት። "እንዴ! አረብኛ ልታወሪልኝ አይደል የመጣሽው?" ብላ ሳቀችብኝ። እንደምንም ራሴ ጠየቅኩት። ባለሱቁ ከዙሁር ሶላት በኋላ ትመጣለች አለ። እጠብቃለሁ አልኩ። ይቺን ሴት ላገኛት እየፈለግሁና እየፈራሁ ነው ያረጀሁት። መንገር የነበረብኝን አንድ ነገር ሳልነግራት ተለያይተናል፤ ማን ነገራት፣ እንዴት ሰማች፣ ምን ሆነች የሚለውን ሳስብ የኖርኩት እኔ ነኝ።

እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ሴቱ ሁሉ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት የሚለብስበት ዘመን ነበር። እኔም አንዲት ነበረችኝ፤ ሰናፍጭ ቀለም፣ ደሴ በልኬ የተሰፋች፣ ቁልፎቿ ሃምሳ ሣንቲም የሚያህሉ። ኤርፖርት ላይ ላብ ሲያጠምቀኝ እንኳ አላወለቅኳትም፤ ያለሷ ሰው የምሆን አልመሰለኝም። ሻርጃ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አሠሪዬ ማዳም ፓስፖርቴንና ኮቴን ተቀበለችኝ። ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ኮቷን ለአትክልተኛው ሚስት ሰጠቻት። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳናደደኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። አትመታም፣ ዳቦ አትቆጥርም፣ ደመወዝ አታስቀርም። በር ብቻ ትቆልፋለች። ሲወጡ ከውጭ ይቆለፋል፣ ሲገቡ ከውስጥ ይቆለፋል፤ የእኔ ክፍል መስኮት ፍርግርግ አለው፣ ከፍርግርጉ ማዶ ግንብ ነው። ከተማውን የማውቀው ሹፌሩ ኩሽና በር ላይ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ከሚያወራው ነው። ከቡር ዱባይ ወደ ዴራ አብራ የሚባለው ጀልባ በግማሽ ድርሃም ያሻግራል፤ ካራማ ጫማ ርካሽ ነው፤ እገሌ ሱቅ የሐበሻ ሙዚቃ ካሴት መጣ። ዋጋውን ሁሉ በቃሌ አጥንቼ ነበር። አብራን በዓይኔ ያየሁት ግን ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ተሳፍሬ ማዶ ደርሼ ወርጄ፣ እንደገና ከፍዬ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ጀልባ ነጂው ያበድኩ መስሎት ስድስተኛው ላይ አላስከፈለኝም።

አንድ ነገር ተፈቅዶልኝ ነበር፤ ደብዳቤ። በማዳም ባል ሱቅ የፖስታ ሣጥን በኩል ይመጣልኛል፣ እልካለሁ። ያ ፈቃድ ነው በኋላ የሌላ ሰው ዕጣ እጄ ላይ የጣለብኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ እኔም ከድስቱና ከምንጣፉ ጋር ከኋላ እጫናለሁ። እርሻው ወደ ተራሮቹ በኩል ነው፤ ቴምር፣ ሎሚ፣ ጥቂት ፍየል። በዳሩ ፈለጅ የሚሉት የምንጭ ውሃ ቦይ ያልፋል። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ በላዩ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ደግሞ ጣሪያ ያለው ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ የቴምር ግንድ ተጋድሞበት በሰሌን የተሸፈነ። የጌቶቹ ቅድመ አያት ግመሎቹን ከፀሐይ ሊያሳርፍበት ሠራው ይላሉ። እኔ ጣሪያ ያለው ድልድይ አይቼም ሰምቼም አላውቅ፤ መጀመሪያ ቀን የሰው ቤት መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት። የማዳም ልጆች መሬት ላይ ተንከባልለው ሳቁብኝ።

ከድልድዩ ማዶ ያለው እርሻ የማዳም ባል የአጎት ልጅ ነው። ሁለቱ በውሃ ተጣልተው በሽማግሌ ታርቀዋል፤ እርቅ ከተባለ። ውሃውን በሰዓት ተካፈሉት፤ ድልድዩንም እንደ ውሃው ተካፈሉት። ከጠዋት እስከ ቀትር ድልድዩ የኛዎቹ ነው፣ ከቀትር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ የነሱ። አንዱ በሌላው ሰዓት ከረገጠ እንደገና ሽማግሌ ይጠራል። በእኛ ሰዓት ጠርጌ የማስረክበው እኔ ነኝ፤ በነሱ ሰዓት የምትጠርገው የነሱ ሠራተኛ ናት። ስለዚህ እኔና እሷ እዚያ ድልድይ ላይ አንድ ላይ ቆመን አናውቅም። ከሩቅ በቴምሩ መሐል ቢጫ ሻሽ አያለሁ፤ የሐበሻ አስተሳሰር መሆኑን አውቃለሁ፤ ብጣራ ለሁለታችንም ሙሽኪላ ነው፣ ጣጣ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ስጠርግ ከጣሪያው ሰሌን መሐል የተሸጎጠች የሻይ ካርቶን ቅዳጅ አየሁ። በከሰል በአማርኛ ተጽፎባታል። "ሐበሻ ነሽ አይደል? ስታንጎራጉሪ ሰምቼሻለሁ። ድምፅሽ ጥሩ አይደለም፤ ግን አታቁሚ" ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። ለስንት ወር አልሳቅኩም ነበር፤ የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ፣ ከዚያ መጥረጊያዬን አቅፌ አለቀስኩ። ስሟ ውባለም ነው፤ ስሟን ያወቅኩት በኋላ በደብዳቤዎቿ ነው። ያኔ ገና ልጅ ነበረች፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። የሷ ማዳም ትመታለች፤ ደብዳቤም አትፈቅድም።

የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አጥቤ ውስጡ ደብተርና እርሳስ ጨመርኩ፤ ከመግቢያው በኩል በሦስተኛው የጣሪያ ግንድ ላይ፣ ከሰሌኑ ሥር ሸሸግኩት። ጠዋት እኔ ጽፌ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት እሷ አንብባ ትመልሳለች፤ የሷን መልስ የማየው በሳምንቱ ነው። አንዳንድ ቀን ለመጻፍ ጊዜ አይኖርም፤ ሰው ይመጣል። ለዚያ ብዬ ከማዳም ልጅ ቦርሳ ሁለት ላጲስ ሰረቅኩ። አዎ፣ ሰረቅኩ! እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ሮዝ ላጲስ ነበር፤ እስከ ዛሬ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስገባ ያ ሽታ ካፍንጫዬ ሲደርስ እዚያ ድልድይ ላይ ነኝ። አንዱን በሽንኩርት ቢላ ፈልፍዬ የቁልፍ ማኅተም አደረግኩት፤ የመሳቢያው ቁልፍ ነው መሰለኝ ልቤ ውስጥ የነበረው። ሁለተኛውን ለሷ ተውኩላት። በሳምንቱ ጎጆ ሆኖ ጠበቀኝ። "የእማዬ ቤት ናት፤ በሯ ቢላው አንሸራቶኝ ነው ወደ ግራ የሄደው" ብላ ጽፋለች። ቀለማችን የወንዶቹን ካንዱራ፣ ነጩን ረጅም ቀሚስ፣ የምናነጣበት ሰማያዊ ፈሳሽ ነበር፤ በጥጥ አርገን ቆርቆሮው ክዳን ውስጥ አስቀመጥነው።

ሕጋችን ቀላል ነበር። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ ከታተመ አለሁ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው። ተገልብጦ ከታተመ ክፉ ነገር ደርሷል ማለት ነው። እሷ እኔን "እትዬ ቁልፍ" ትለኛለች፣ እኔ "ጎጆዬ" እላታለሁ። ብዙ ሳምንት ጎጆዋ ተገልብጣ አገኛት ነበር፤ ከሥሯ "እጄን በብረት ምጣድ" ወይም "ፀጉሬን ቆረጠችው" ትላለች። እኔም ከላይ ቁልፌን ቀጥ አድርጌ አትማለሁ፤ አለሁልሽ ማለቴ ነው። ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?

ይህንን ያሁን ዘመን ሰው እንደ ጨዋታ ይዞታል ብላችሁ ታምናላችሁ? ረቡዕ ረቡዕ እዚሁ አጅማን የማጸዳላቸው ፈረንጆች ባለፈው የብርድ ወራት ልጆቹን ያዢልን ብለው ወደ ተራሮቹ ይዘውኝ ሄዱ። ከመኪናው ስወርድ ያ ድልድይ! ታድሷል፤ ግንቡ ተለስኗል፣ ሰሌኑ አዲስ ነው፣ በር ላይ ታሪካዊ ነው የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ልጆቹ በስልክ ላይ ያለ ምሪት እያነበቡ እርምጃ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ትንሹ ከድንጋዩ ሥር የፕላስቲክ ሣጥን ጎትቶ አወጣ። ውስጡ ደብተርና የዝሆን ማኅተም አለ። እናትየው አስረዳችኝ፤ ሰዎች በየአገሩ እንዲህ ይሸሽጋሉ፣ ያገኘ ማኅተሙን አትሞ ለሚመጣው ይተዋል። "ደስ አይልም?" አለችኝ። "ደስ ይላል" አልኳት። ሰው ሳያየኝ ሦስተኛው ግንድ ላይ እጄን ሰደድኩ። የርግብ ላባ ብቻ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የውባለም ደብዳቤዎች በእኔ በኩል መሄድ ጀመሩ። ለእናቷ ትጽፋለች፣ ቆርቆሮው ውስጥ ትተዋለች፣ እኔ ሻርጃ ወስጄ እልካለሁ፤ መልሱ በእኔ ስም ይመጣና ቆርቆሮው ውስጥ እከተዋለሁ። እናቷ መጻፍ ስለማይችሉ አጎቷ ነው የሚጽፍላቸው። አባት የላትም፣ እህት የላትም፤ እናቷ ብቻ ናቸው ያሏት። ያቺን የሣር ጎጆ ቆርቆሮ ላልብስላቸው ብላ ነው የመጣችው። የኮንትራቷ ሁለት ዓመት ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው እንዲህ ብላ ጻፈች። "እትዬ ቁልፍ፣ ማዳም ታድሻለሽ ወይስ ትሄጃለሽ እያለችኝ ነው። እማዬን ጠይቂልኝ። ነይ ካለችኝ እሄዳለሁ፤ ጣሪያው ይቅደም ካለችኝ ጥርሴን ነክሼ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ። እሷ ያለችውን ነው የማደርገው።"

ጠየቅኩላት። መልሱ መጣ፤ ሻርጃ ኩሽና ውስጥ ሩዝ እየለቀምኩ ከፈትኩት። የእናቷ መልስ አልነበረም፤ ከአጎቷ ለእኔ ለራሴ የተጻፈ ነው። "ይድረስ ለወይዘሮ የሺመቤት። እህቴ ተዋበች አርፋለች። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው። ልጅቷ ብቻዋን እንዳትሰማ በፈጠረሽ ይዤሻለሁ። ሰው ሰብስበሽ፣ ማልዳችሁ ሄዳችሁ፣ ይዛችሁ አርዷት።" ሩዙ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው ሰብስቢ! ከየት አባቴ? ማልዳችሁ ሂዱ! በየትኛው በር? መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ከጎንና ከጎን ይይዝሻል፣ ስትወድቂ ይደግፍሻል፣ ደረትሽን ስትደቂ እጅሽን ይይዛል፣ አብሮሽ ይጮኻል። እሷ ይህን ቆርቆሮ ስትከፍት ብቻዋን ናት፤ ቢበዛ አሥር ደቂቃ አላት፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ገብታ ሥጋ ትጠብሳለች። ዓይንሽ ለምን ቀላ ብላ የምትመታ ሴት ፊት! እንዴት ብዬ ልጻፍላት? ዓርብ ጠዋት ደብተሩን ከፍቼ ቆምኩ። ቁልፌን ቀለም ነከርኩት፤ መገልበጥ ነበረብኝ፤ ሕጋችን ነው። ቀጥ አድርጌ አተምኩት። ከሥሩ "መልስ አልመጣም፤ ሁሉም ደህና ናቸው" ብዬ ጻፍኩ።

ለሰው ስናገር እዚህ ላይ አቆም ነበር፤ ባህላችን ነው፣ አዘንኩላት ነው፣ እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለንስሐ አባቴ እንኳ በስልክ ደፍሬ አልነገርኩም። ብነግራት ትሄድ ነበር። ማን አላት፣ ለማን ብላ ታድሳለች? አትምጪ የሚላት፣ ጣሪያ የሚፈልግ የለም። እሷ ከሄደች ደግሞ እኔ ያንን ድልድይ ለማን እጠርገዋለሁ? ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ፍርግርግ ሥር የምቆየው ዓርብን ብዬ ነበር። ይኸው፤ ተናገርኩት።

በሚቀጥለው ዓርብ እነግራታለሁ አልኩ። በሚቀጥለውም ቀጥ አድርጌ አተምኩ። በሦስተኛው ዓርብ ደብተሩ ውስጥ የሷ መልስ ጠበቀኝ። "እማዬ ዝም ካለች ጣሪያው ይቅደም ማለቷ ነው፤ ነይ ለማለት አፍራ ነው። አደስኩ፤ ኸላስ፣ አለቀ" ይላል። ጎጆዋን ቀጥ አድርጋ፣ ቀለሟን አብዝታ፣ ሦስት ጊዜ አትማዋለች። ለሙታን ጣሪያ ሁለት ዓመት ሸጠች፤ ሻጯ እኔ ነኝ።

በአራተኛው ዓርብ ቆረጥኩ። ሰው ከሌለ እኔ ልያዛት፣ የመጣው ይምጣ አልኩና ቀትር ሲሆን ከድልድዩ አልወጣም ብዬ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። መጣች። ቢጫ ሻሽ፣ በእጇ መጥረጊያ፣ እግሯ ቀጭን። ሃያ እርምጃ ሲቀራት አይታኝ ቆመች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ጥርሷ ፍንጭት ነው። በጣቷ ወደ ሦስተኛው ግንድ አመለከተች፣ አንቺ ነሽ? ማለቷ ነው። "ውባለም!" አልኩ፤ ስሟን በአፌ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላዋ የአጎትየው ልጅ ጩኸት መጣ። "በሰዓታችን ድልድዩ ላይ ማን ነው!" ሰዎች ከዚህም ከዚያም ወጡ፤ የኔዎቹ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ለሷ ለመጮህ ጊዜ ነበረኝ፤ ሁለት ቃል ነው። ከሃያ እርምጃ፣ በሚጎትቱኝ ሰዎች መሐል፣ እናትሽ ሞተዋል ብዬ ልጩህባት? ዋጥኩት። የሷም የሳቀው ፊቷ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ጠቡ በእኔ ምክንያት ስለታደሰ ማዳም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እርሻ አልወሰደችኝም። ሐሙስ ሲሄዱ ከውጭ ቆልፈውብኝ ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ይመለሳሉ። እነዚያን ዓርቦች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ቀትር ሲሆን አሁን ደብተሩን ከፈተች እላለሁ፤ አሁን ባዶ ገጽ አየች እላለሁ። ለአጎቷ ሰው አጣሁ ብዬ ጻፍኩ፤ አልመለሰልኝም። ዓመታት አለፉ፤ ከዚያ ቤት ወጣሁ፣ ሌላ ቤት ገባሁ፣ ከዚያም አጅማን። ዛሬ የሚቆልፍብኝ የለም፤ የአል ኑዓይሚያው ክፍል ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። አልጋዬን በመጋረጃ ከልዬ እተኛለሁ። ልጆቹ "እትዬ የሺ፣ ለምን አገርሽ አትገቢም? ወረቀት አለሽ፣ ትኬት አለ" ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ቦሌ ወርጄ መንገድ ላይ ያቺ ልጅ ብታጋጥመኝስ እያልኩ ነው የቀረሁት። ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

ከዙሁር በኋላ አንዲት ሰፊ ሴት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ወርቋ እያብረቀረቀ ገባች። ሁለት ነጋዴ ሴቶች ተከትለዋታል። ባለሱቁን "ያላ ያላ፣ መዝነው እንጂ! ስድስት ነው፣ እንዳታጎድልብኝ፣ ዋላሂ አለቅህም" አለችው። ያቺን ቀጭን እግር ፈለግኩባት፤ የለችም። ተነስቼ ጆንያው ላይ ጣቴን አደረግኩ።

"እህቴ፣ ይቺ ጎጆ ያንቺ ናት?"

"የኔ ናት። ምነው፣ ቀለሟ ነካሽ?"

"በሯ ወደ ግራ ሄዳለች።"

"ቢላው አንሸራቶኝ ነው" አለችና ቆመች። ስልኳ ውስጥ ሰው ያወራል፤ አልመለሰችለትም። አፏ ሲከፈት ፍንጭቷን አየሁት።

"ቁልፍ ነኝ" አልኩ።

ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት የደረቀች፣ የጠቆረች ላጲስ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍኩልሽ" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። "ደብተሩ አለቀ፤ በካርቶን ጻፍኩ። አንድ ቀን እንኳ መልስ የለም። የተባረርሽ መሰለኝ፣ የሞትሽም መሰለኝ። ስሄድ ቆርቆሮውን ይዤው ሄድኩ።"

"እናትሽ..."

"ቆይ። እኔ ልንገርሽ። ከአውቶቡስ ወረድኩ። ሻንጣዬን ስቆጥር አንዲት ጎረቤታችን መጣች፣ ሳመችኝ። የማውቅ መስሏታል። 'የእናትሽ ሙት ዓመት ላይ ብትደርሺ ጥሩ ነበር፤ አጎትሽ አሳምሮ አወጣላት' ብላኝ ሄደች። እንዲህ ነው የሰማሁት፣ እትዬ ቁልፍ። ሻንጣ እየቆጠርኩ። ቤቱ ፈርሷል። ሰዉ ሁሉ ለቅሶውን ጨርሶ ተበትኗል፤ ዕንባው አልቋል። እኔን የያዘኝ፣ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። ብቻዬን ለማልቀስ እንዳፈርኩ ቀረሁ። እስከ ዛሬ አልቅሼላት አላውቅም። ጎጆዋንም ከዚያ ወዲህ ቀጥ አድርጌ አትሜ አላውቅም።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። "ይቅርታሽን በኋላ። አደራው የተሰጠው ላንቺ አይደል? አጎቴ ነግሮኛል። እንግዲህ ንገሪኝ።"

"አሁን? እዚህ?"

"ንገሪኝ እንጂ!" አለች።

ቤዛን ጠራኋት። ሁለቱን ነጋዴዎች ስማቸውን አላውቅም፤ "እናንተም እህቶቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ያዙልኝ" አልኳቸው። የሐበሻ ልጅ አይደሉም? ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ገባቸው፤ ነጠላ የላቸውም፣ ሻሻቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ውባለምን በገዛ ጆንያዋ ላይ አስቀመጥናት። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ያዘቻት፤ ቤዛ ከኋላ ትከሻዋን ደገፈች። እኔ ፊት ለፊቷ ተንበረከክኩ፤ ጉልበቴን አላሰብኩትም።

"ውባለም፣ የኔ ልጅ፣ በርቺ" አልኳት። "እናትሽ ወይዘሮ ተዋበች አርፈዋል።"

"እማዬን! እማዬን!" ብላ የጮኸችው ጩኸት የዚያን መንገድ ሱቅ ሁሉ አስወጣው። ደረቷን ልትደቃ እጇን ስታነሳ ያዝናት። ወደቀች፣ ደገፍናት። ያላዩዋቸውን ሴት ነጋዴዎቹ እየጠሩ አለቀሱላቸው፤ ቤዛ ተንሰቀሰቀች፤ እኔ የስንት ዓመቴን አወጣሁት። በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ተሸካሚው ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ ቆመ። ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ እየሮጠ መጣ።

"ሙሽኪላ? ምን ሆነች?" አለኝ።

"እናቷ ሞቱባት" አልኩት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "መቼ?"

"ዛሬ" አልኩት።